ገመዱ እንዳይረግብ

ዜና መዋዕል ጸሐፊዎች ስሟን ሊጽፉ ብዕር ባነሡ ቁጥር ስሟ በአዲስ አዋጅ እየተለወጠ ቢያስቸግራቸው «ያቺ አገር» ብለው ብቻ ያለፏት አንዲት አገር ነበረች። በያቺ አገር ርእሰ ከተማ አንድ ኮረብታና አንድ ሜዳ ገደል ለይቷቸው ፊት ለፊት ይተያያሉ። በኮረብታው ላይ ሊቃውንት የሚያስተምሩበት ዩኒቨርሲቲ አለና ሕዝቡ ላይ ቤት ይለዋል፤ በሜዳው ላይ ያለውን ፋብሪካ ደግሞ ታች ቤት ይለዋል። ላይ ቤት የሚኖሩት የሚያውቁ ነገር ግን የማይነኩ ሰዎች ነበሩ። ታች ቤት የሚኖሩት ይነካሉ፤ አይጠይቁም።

የሁለቱም ቤቶች ተግባር በአዋጅ አንድ ነበር። ይኸውም ከጥፍር የምታንስ፣ ቺፕ የምትባል፣ ለማሽን ሁሉ አንጎል ሆና የምታገለግል ዕቃ መሥራት ነው። ላይ ቤት ቺፕ ይነደፋል። የተነደፈው ቺፕ በጥራዝ ታትሞ መደርደሪያ ላይ ይወጣል፤ ነዳፊውም በጥራዙ ውፍረት ልክ ማዕረግ ይጨመርለታል። መደርደሪያው ሲሞላ ሌላ መደርደሪያ ይገዛል እንጂ አንድም ቺፕ ተሠርቶ አያውቅም። ታች ቤት በበኩሉ ከባሕር ማዶ በካርቶን የሚመጣለትን ዕቃ ፈትቶ፣ አራት ብሎን አጥብቆ፣ «የአገር ውስጥ ምርት» የሚል ወረቀት ለጥፎ፣ መልሶ በካርቶን ያሽጋል። በጥንት ዘመን አንድ ሠራተኛ «ውስጡ ምን አለ?» ብሎ ጠየቀ ይባላል፤ ነገር ግን ይህ ማስረጃ ያልተገኘለት አፈ ታሪክ ነው።

ታች ቤት ግን አንድ ምድጃ ነበረው። ወዳጅ መንግሥት በስጦታ ያበረከተው፣ ንድፍ ሲሰጡት ቺፕ የሚሰጥ እውነተኛ ምድጃ። የሚነደው በዓመት አንድ ጊዜ በመርከብ በሚመጣ ልዩ ጋዝ ሲሆን፣ ጋዙ በደረሰ በአርባ ቀን ውስጥ ካልተሠራበት ኃይሉ ያልቃል። ምድጃው ከተተከለ ሰባት ዓመት ሆኖታል። ሰባት ጊዜ ጋዝ መጥቷል፣ ሰባት ጊዜም ተበላሽቷል። ታች ቤት ይህን በየዓመቱ «በጋዝ አያያዝ ረገድ ሰፊ ልምድ ተቀስሟል» እያለ ሪፖርት ያደርጋል።

በላይ ቤት ስንዱ የምትባል ወጣት መምህርት ነበረች። በስብሰባ እጇን አንሥታ አታውቅም፤ ልትናገር ያሰበችውን ዓረፍተ ነገር በልቧ ሦስት ጊዜ አስተካክላ ስትጨርስ ስብሰባው ይበተንባታል። ይህች ስንዱ ነቀዝ የምትሰማ ቺፕ ነደፈች። ያቺ አገር በየዓመቱ ካመረተችው እህል ሲሶውን ለነቀዝ ትገብራለች፤ ገበሬው ጎተራውን እስኪከፍት ድረስ እህል ያስቀመጠ ይመስለዋል። ነቀዝ ግን ሲቦረቡር ድምፅ አለው፣ የሰው ጆሮ አይደርስበትም እንጂ። የስንዱ ቺፕ እህል መካከል ተቀምጣ ያንን ድምፅ ትሰማለች፤ እህሉ ዱቄት ሳይሆንም ትናገራለች። ስንዱ ይህን ያሰበችው በመጽሐፍ አንብባ አልነበረም። ባለፈው ክረምት እናቷ ለዘር ካስቀመጡት ማሽላ እፍኝ ዘግነው እፍ ቢሉት እፍኛቸው ባዶ ሲቀር ቆማ አይታለች።

ንድፉን በጨረሰች ጊዜ እንደ ወጉ አስጠርዛ ማዕረጓን በመጠበቅ ፈንታ አንድ ነውር ሠራች። በገደሉ ቀጭን መንገድ፣ በገዛ እግሯ፣ በአሥራ ሁለት ደቂቃ ወርዳ ታች ቤት ገባች።

እዚያ ያገኘቻቸው ያንን ምድጃ ለሰባት ዓመት ሲወለውሉ የኖሩትን ጋሽ ደባልቄን ነበር።

«ከላይ ቤት ነሽ?» አሏት የአንገቷን መታወቂያ አይተው።

«አዎ፣ ጋሼ።»

«እንግዲያው መንገድ ስተሽ ነው። ሽንት ቤቱ ከጥበቃው ጀርባ ነው።»

«አይደለም... ንድፍ ይዤ ነው።»

ጋሽ ደባልቄ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ ከዚያም ጨርቁን ራሱን እንደ ገና ጠረጉት። «ንድፍ? ይዘሽ? በእግርሽ?» አሉ። «ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?»

ሕመሟ ግን ተላላፊ ኖሮ በሳምንቱ ጋሽ ደባልቄም ያዛቸው። ንድፏን በሙከራ ሰሌዳ ላይ ገጣጠሙና አንድ ጣሳ ማሽላ ውስጥ ቀበሩት። ሰሌዳው ነቀዝ ባለበትም ጮኸ፤ ነቀዝ በሌለበትም ጮኸ።

«መስማቷንስ ትሰማለች» አሉ ጋሽ ደባልቄ አንገታቸውን አዘንብለው፤ «የምትሰማው ግን የገዛ ሆዷን ጩኸት ነው። ይኼ የኤሌክትሪክ መስመርሽ ጆሮዋ ሥር ተጠግቶ ያንባርቅባታል። አርቂላት።»

ይህንኑ ንድፍ ሦስት የላይ ቤት ሊቃውንት ገምግመው «እጅግ በጣም ጥሩ» ብለው ፈርመውበት ነበር።

ስንዱ መስመሯን ልታርቅ ወጣች፤ ልታሳይ ወረደች፤ ሌላ ጉድለት ተገኘ፤ እንደ ገና ወጣች። በዚህ ዓይነት በአንድ ዓመት ውስጥ ሠላሳ አንድ ጊዜ ተመላለሰች። ጋሽ ደባልቄ በበሩ ብቅ ባለች ቁጥር «ዛሬም አልተሻለሽም?» ይሏታል፤ እሷም ትስቃለች። በሠላሳ አንደኛው ጉዞዋ የቀረችው አንዲት መስመር ብቻ ነበረች። «ይህችን አስተካክለሽ ስትመጪ ጋዙም ይደርሳል። ቀጥ አድርገን ምድጃ ነው የምናስገባት» አሏት።

በዚህ መካከል ከበላይ አካል አቅጣጫ ወረደ። የበላይ አካል በያቺ አገር ማንም በዓይኑ አይቶት የማያውቅ፣ ሁሉም ግን በስሙ የሚፈራራበት ኃይል ነበር፤ በየስብሰባው መካከለኛው ወንበር ለእርሱ ባዶ ይተዋል፤ ውኃም ይቀዳለታል። አቅጣጫው ስድስት ቃል ብቻ ነበር፦ «ላይ ቤትና ታች ቤት በአስቸኳይ ይተሳሰሩ።»

ጉባኤ ተጠራ። አንድ የሰዋስው ሊቅ ተነሥተው ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ተሳሰረ የሚለው አሰረ ካለው ግስ ይወጣል» አሉ። «አሰረ ደግሞ ያለ ገመድ አይሆንም።» ጉባኤው አጨበጨበ። ከወደ መካከል የተቀመጠ አንድ የዋህ «ምናልባት ይቀራረቡ፣ አብረው ይሥሩ ለማለት ተፈልጎ ይሆን?» ቢል፣ ሰብሳቢው ከባዱን መነጽራቸውን አውልቀው፣

«አቅጣጫ አይተረጎምም፤ ይፈጸማል» አሉት። ያ ሰው በማግሥቱ የአመለካከት ሥልጠና ይወስድ ዘንድ ወደ ጠረፍ ተላከ።

ስንዱ በኋለኛው ረድፍ ተቀምጣ «እኛ እኮ አሁንም አብረን እየሠራን ነው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር ስታስተካክል ነበር። «እኛ እኮ» የሚለው ድፍረት መስሎ ስለ ታያት አወጣችው፤ ቀጥሎ «አሁንም»ን በ«እስከ አሁን» ለወጠችው። ቀና ስትል ጉባኤው በገመዱ ቀለም ላይ ድምፅ እየሰጠ ነበር።

ገመዱ ተገመደ። ውፍረቱ የጎልማሳ ክንድ ያህላል። አንዱ ጫፍ ከላይ ቤት ሰገነት፣ ሌላው ጫፍ ከታች ቤት ጭስ ማውጫ ሥር ሆኖ፣ ገደሉን ተሻግሮ በእልልታ ተዘረጋ። ለትስስሩም አለቃ ተሾመለት፤ ማዕረጋቸው ሊቀ ትስስር ተባለ። እኒህ ሰው ከዚያ ቀደም የከብት ማቆያ ጣቢያ አዛዥ የነበሩ በመሆናቸው፣ የሹመት ደብዳቤያቸው እንደሚያስረዳው፣ በማሰር ረገድ የካበተ ልምድ ነበራቸው።

የትስስሩ ጽሕፈት ቤት የሚሠራበት ቦታ ሲፈለግ ለሁለቱም ቤቶች እኩል ቅርብ የሆነ አንድ ስፍራ ብቻ ተገኘ፤ እርሱም ያ ቀጭን የእግር መንገድ የሚያልፍበት ነበር። ጽሕፈት ቤቱ መንገዱ ላይ ተሠራ። መንገዱም ተዘጋ። በበሩም ላይ እንዲህ የሚል ተለጠፈ፦ «ከገመዱ ውጭ መገናኘት ትስስሩን ያላላል። ከትስስሩ ውጭ የተሠራ ሥራ ምድጃ አይገባም።»

ያቺ አገር ያልለካችውን ነገር አታምንምና ትስስሩ የሚለካበት መንገድ ተበጀ። ከገመዱ እኩሌታ ላይ ቱምቢ ተንጠለጠለ፤ በየማለዳው ለኪዎች በመነጽር ያዩታል። ገመዱ አንዲት ጣት ከረገበ «ትስስሩ ላልቷል» ተብሎ የሁለቱም ቤቶች ሹማምንት ይወቀሳሉ። ላይ ቤት ይህን ሰምቶ ሊቃውንቱን በተራ መደበና ገመዱን ወደ ላይ ይጎትት ጀመር። ታች ቤትም እንዳይወቀስ ሠራተኛውን ከማሽን አንሥቶ ወደ ታች ይጎትት ጀመር። ትምህርት በቀን ሁለት ሰዓት ሆነ፤ ብሎን ማጥበቅም ለጊዜው ቆመ። ሁለቱ ቤቶች ከማለዳ እስከ ማታ «ሆ!» እያሉ እርስ በርስ ሲጓተቱ ያየ መንገደኛ ጠላቶች ናቸው ቢል አይፈረድበትም፤ በመዝገቡ ላይ ግን እንደዚያን ዘመን የተወጠረ ትብብር ታይቶ አያውቅም። አንድ ሊቅ ስለ መዳፍ መላላጥ ጥናት አሳትመው ፕሮፌሰር ሆኑ። ጋሽ ደባልቄም ክንዳቸው ብርቱ ስለ ሆነ ከምድጃው ተነሥተው በታች ቤት በኩል የመጀመሪያው ጎታች ተደረጉ።

ስንዱ የመጨረሻዋን መስመር አርቃ ንድፏን ከጣት በማትበልጥ ፍላሽ ላይ በጫነችበት ሳምንት ጋዙ ወደብ ደረሰ። አርባው ቀን መቆጠር ጀመረ።

ወደ ትስስሩ ጽሕፈት ቤት ሄደች። በኢሜይል ልትልከው እንደማትችል ታውቃለች፤ በአዲሱ መመሪያ ማንኛውም መልእክት ታትሞ ማኅተም ካላረፈበት አይከፈትም፤ የእሷ ንድፍ ደግሞ አራት መቶ ሺህ መስመር ነበረው።

«ዘርፍሽ ምንድን ነው?» አላት በመስኮት አንድ ያለው ጸሐፊ።

«ማይክሮ ኤሌክትሮኒክስ።»

«በአገርኛ ንገሪኝ እንጂ፣ እህቴ።»

«የ... ጥቃቅን ኤሌክትሮኒክስ።»

«ታዲያ ከመጀመሪያው ጥቃቅን አትዪም! ጥቃቅንና አነስተኛ መስኮት አራት ነው።»

በመስኮት አራት ያለችው ሴት ቅጽ አወጣች። «ስንት ሆናችሁ ነው የተደራጃችሁት?»

«ብቻዬን ነኝ።»

«ብቻዋን የተደራጀች ዛሬ አየሁ! በትንሹ አምስት መሆን አለባችሁ፤ ሁለቱ ሥራ አጥ። ደግሞ ምንድን ነው የምታመርቱት? ዶሮ? ብሎኬት?»

«ቺፕ ነው፤ ነቀዝ የም...»

«ቺፕስ!» አለች ሴትዮዋ ፊቷ በርቶ። «የድንቹን? እሱማ ይሸጣል፤ ልጆቼም እሱ ካልሆነ አይበሉም። ግን የኔ ቆንጆ፣ እሱ ምግብ ማቀነባበር ነው። መስኮት ሰባት።»

መስኮት ሰባት የንጽሕና ምስክር ወረቀት ጠየቃት። ነገሩ ድንች አለመሆኑን በጽሑፍ እንድታረጋግጥም ወደ መስኮት ሁለት ላካት። ከመስኮት ወደ መስኮት ሃያ ሁለት ቀን አለፈ። በሃያ ሦስተኛው ቀን፣ የትኛውም መስኮት ስላልተቀበላት፣ ወደ ሊቀ ትስስር እንድትገባ ተፈቀደላት።

ሊቀ ትስስር ከአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ኋላ ሆነው ተቀበሏት። በጠረጴዛው ላይ ከተመረቀው ገመድ የተቆረጠ ስንዝር ያህል በመስተዋት ሣጥን ተቀምጧል።

«ከታች ቤት ከማን ጋር ነው የምትሠሪው?»

«ከጋሽ ደባልቄ ጋር፣ ክቡርነትዎ።»

«በምን ደብዳቤ?»

«ደብዳቤ የለንም። እየወረድኩ ነበር።»

«እየወረድሽ ስትዪ?»

«በእግሬ።»

ሊቀ ትስስር በሩ መዘጋቱን አዩ። «ስንት ጊዜ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«ሠላሳ አንድ ጊዜ!» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ እንደ ንስሓ አባት። «ልጄ፣ ይኼ እኮ ትስስር አይደለም፤ ይኼ መገናኘት ነው። ባነር አልተሰቀለ፣ ፎቶ አልተነሣ፣ የመግባቢያ ሰነድ አልተፈረመ፤ ሁለት ሰዎች ዝም ብለው ተነሥተው አብረው ሠሩ ብዬ ለበላይ አካል ልጻፍ? ‹ውጤቱ የታለ?› ብባል ምን ላሳይ ነው?»

«ቺፗን።»

«ከመድረክ ትታያለች?»

«በማጉያ መነጽር ነው የምትታየው።»

«አየሽ!» አሉ ሊቀ ትስስር እጃቸውን ዘርግተው፤ ክርክሩን የረቱ ያህል ወደ ወንበራቸው ተደገፉ።

ስንዱ ቀድማ ያዘጋጀችው አንድ ዓረፍተ ነገር ነበራት። በመስኮቶቹ መካከል በቆመችባቸው ቀናት የትስስሩን መመሪያ ዘጠና ሁለት ገጽ ከዳር እስከ ዳር አንብባዋለች፤ በያቺ አገር ይህን ያደረገች የመጀመሪያዋ ሰው ሳትሆን አትቀርም። «አንቀጽ አሥራ አራት» አለች፣ ዓይኗን ከመስተዋት ሣጥኑ ሳትነቅል፤ «ማንኛውም የምርምር ውጤት በገመዱ አማካይነት ይተላለፋል ይላል። እንግዲያው በገመዱ ልላከው።»

ሊቀ ትስስር መመሪያውን አስመጥተው ገለጡ፤ ገለጡ። አንቀጹ አለ፤ ከሥሩ የራሳቸው ፊርማ ተጋድሟል። ከፊርማቸው ጋር ለመጣላት የሚያስችል ሥልጣን ስላልነበራቸው፣ «ከአንድ በላይ ቅጂ ትስስሩን ያላላል» ብለው ከፍላሿ በቀር ያለውን ቅጂ ሁሉ አስደምስሰው ፈቀዱ።

ጋዙ ሊያልቅ ስምንት ቀን ሲቀረው ስንዱ ፍላሿን በላስቲክ ጠቅልላ፣ በመጋረጃ ቀለበት አንጠልጥላ፣ ከሰገነቱ በገመዱ ላይ ለቀቀቻት። ጎታቾቹ ሊቃውንት እጃቸውን ሳይለቁ በአንገታቸው ተከታተሏት። ወዲያ ማዶ ጋሽ ደባልቄ ገመዱን እንደ ያዙ ቀና ብለው ሲጠብቁ ታዩ፤ በዚያ ርቀት ሳይቀር ጥርሳቸው ይታያል። ፍላሿ እየተንሸራተተች ወረደች፤ ከእኩሌታው ስትደርስ ቀለበቷ በቱምቢው ማሰሪያ ተያዘና ቆመች።

ቱምቢውም አንዲት ጣት ዝቅ አለ።

«ረገበ!» ብለው ለኪዎቹ ጮኹ። ደወል ተደወለ። «ረገበ! ጎትቱ!» ላይ ቤት ወደ ላይ ሳበ፤ ታች ቤት ወደ ታች ሳበ፤ ገመዱ እንደ ክራር ክር ተወጠረ። ፍላሿም እዚያው ተቆለፈች።

ከገደሉ ማዶ የጋሽ ደባልቄ ድምፅ መጣ። «ኧረ አላሉት! ለአንድ አፍታ አላሉት፣ ትለፍበት! ሰዎች፣ ትንሽ ብቻ!» የሚሰማቸው ሲያጡ የራሳቸውን እጅ ለቀቁ። የታች ቤት ጎታች ሁሉ በፊቱ ተደፋ፤ ቀለበቷም ጥቂት ተንቀሳቀሰች። ነገር ግን ስድስት የጥበቃ ሠራተኞች ሮጠው ገመዱን ያዙት።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ኮሚቴውም በአራት ቀን ውስጥ፣ በያቺ አገር ባልታየ ፍጥነት፣ የችግሩን ምንጭ ደረሰበት፦ «ገመዱ ሊረግብ የቻለው ሥራ ስለ ተላለፈበት ነው።» ጋሽ ደባልቄ «ትስስርን በእጅ በመልቀቅ» ተከሰው ወደ ካርቶን ክፍል ተዛወሩ። አንቀጽ አሥራ አራትም ተሻሻለ፤ ከእንግዲህ በገመዱ ላይ ምንም ነገር እንዳይተላለፍ ተደነገገ። ፍላሿን ማን ያውርዳት ሲባል ላይ ቤት «ከእጄ ወጥታለች» አለ፤ ታች ቤት «እጄ አልገባችም» አለ። ሁለቱ ቤቶች በጽሑፍ ከተስማሙባቸው ነገሮች ሁሉ በእውነት የተስማሙት በዚህ ብቻ ነበር።

ስንዱ በየቀኑ ሰገነቱ ላይ ወጥታ የአንድ ዓመት ድካሟ በገደሉ አፍ ላይ ሲወዛወዝ ታይ ነበር። ሦስት ቀን ቀረ። ሁለት ቀን ቀረ።

በአርባኛው ቀን ማለዳ የትስስሩ መቶኛ ቀን ስለሚከበር የሁለቱም ቤቶች ሰው በታች ቤት አዳራሽ ተሰበሰበ። ጽሕፈት ቤቱ ለዚያን ቀን በሩን ስለ ከፈተ ስንዱም ከእንግዶቹ ጋር ወርዳለች። መርሐ ግብሩ ምድጃው በክብር እንግዶች ፊት እንደሚለኮስ ይናገር ነበር። ያን ጊዜ ስንዱ ዓረፍተ ነገሯን ሳታስተካክል፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እጇን አነሣች።

«ምድጃው እኮ ባዶ ነው» አለች። «ውስጡ ምንም የለም። ጋዙ ዛሬ ካለቀ እስከሚመጣው ዓመት የለም። አንድ ሰዓት ስጡኝ፤ ፍላሿን እኔው በመሰላል...»

አዳራሹ ዞሮ አያት። ሊቀ ትስስር ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም ፈገግ አሉላት። «እኅታችን ትክክል ናት» አሉ። «ባዶ ነው። ዕቃ ቢገባበት ግን እሳቱን ይጋርደዋል፤ እንግዶቻችን ምን ያያሉ?»

ምድጃው ተለኮሰ። ነበልባሉ አረንጓዴ ሆኖ ሲወጣ ሕዝቡ «እሰይ!» አለ፤ ፎቶ ተነሣ፤ ለዘገዩት ሹማምንት ሲባል ነበልባሉ እንደ ገና ከፍ ተደረገ። ከሰዓት በኋላ ጋዙ አለቀ። ጋሽ ደባልቄ ከካርቶን ክፍሉ በር ላይ ቆመው አይተው፣ ሲያበቃ ወደ ውስጥ ተመለሱ።

የትስስሩ ፍሬም ሳይታይ አልቀረም። ቺፕ ከመድረክ ላይታይ ትችላለች የሚለው ሥጋት አስቀድሞ ተጠንቶ ስለ ነበር፣ አንድ ዕውቅ አናጢ ከዋንዛ እንጨት የበር ያህል ቺፕ ጠርበው፣ ወርቅ ቀብተው፣ እግሮቹን በሚስማር መትተው አቅርበውት ነበር። በአራት ሰዎች ትከሻ ተይዞ ወደ አገሪቱ ታላቅ ጎተራ ተወሰደና በእህሉ መካከል ተተከለ።

በአምስተኛው ወር ጎተራው ሲከፈት እህሉ ነቅዟል። ቺፑም ነቅዟል፤ ነቀዙ ከእህሉ ወጥቶ እንጨቱን እስከ ወርቁ ድረስ በልቶታል። ለበላይ አካል የተላከው ሪፖርት እንዲህ ይነበባል፦ «በላይ ቤትና በታች ቤት ትስስር የተሠራው ቺፕ በጎተራው ውስጥ ነቀዝ መኖሩን ከመቶ መቶ በሆነ አስተማማኝነት አረጋግጧል። ያረጋገጠውም በመበላት ነው።»

ሪፖርቱ የተመራማሪ ስም ያስፈልገው ስለ ነበር ስንዱ ተጠራች። በጠረጴዛው ላይ የተባባሪ ፕሮፌሰርነት ደብዳቤ ከሪፖርቱ ጋር ተቀምጦ ይጠብቃት ነበር።

«ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» አለች።

«እንዴት ያለች ትሑት ልጅ ናት!» አሉ ሊቀ ትስስር፣ ወደ ጸሐፊያቸው ዞረው።

«ትሕትና አይደለም። እኔ እንጨት አልነደፍኩም። ሥራዬ ገደሉ ላይ ተንጠልጥሎ ነው ያለው።»

«ጻፍ» አሉ ለጸሐፊው፤ «ደጋግማ አልቀበልም አለች በል። ወጣቱ ይማርበታል።» ትሕትናዋ በቃለ ጉባኤ ሰፈረላት፤ ማዕረጉም በሌለችበት ጸደቀ። ለሁለተኛው ምዕራፍ የቤት ያህል ቺፕ እንዲጠረብ ታዘዘ።

ዝናው ድንበር ተሻገረ። ከአንዲት ጎረቤት አገር ልምድ ሊቀስሙ ልዑካን መጡ፤ ትሑቷ ተባባሪ ፕሮፌሰር በሰገነቱ ላይ አስረጂ እንድትሆናቸው ተመደበች። ልዑካኑ የገመዱን ጥራት አደነቁ፤ የጎታቾቹን ዲሲፕሊን አደነቁ። ከመካከላቸው ደብተር የያዘ አንድ ጠንቃቃ ሰው ወደ ስንዱ ቀረብ አለ።

«ይቅርታ፣ እመቤት» አላት፤ «ይህ ገመድ ከመዘርጋቱ በፊት ሁለቱ ቤቶች በምን ነበር የሚገናኙት?»

ስንዱ ከእግሯ በታች ያለውን ገደል አየች።

«በእግር» አለችው።

ሰውየው በሐዘኔታ ራሱን ነቀነቀ። በደብተሩም ላይ «ከትስስሩ በፊት የነበረው ሁኔታ፦ እጅግ ኋላ ቀር» ብሎ ጻፈና፣ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አስምሮበት፣ ሜትሩን ከኪሱ አውጥቶ የገመዱን ውፍረት ሊለካ ሄደ።